ያልጻፍሁላት መስመር

ያችን አንዲት መስመር የተውኋት ሥራው በደንቡ ስላልተሠራ ነው ወይስ የሠራሁት እኔ ስላልሆንሁ? ይኸን ራሴን ስጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። አንዳንድ ቀን ታክሲ ስጠብቅ ወይም ልብስ ሳጥፍ መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል። ወዲያው ሌላኛው መልስ ይመጣና አጠገቡ ይቆማል፤ ሁለቱም እኩል እውነት ይመስላሉ። በዚህ ጉዳይ ዳኛውም እኔ፣ ተከሳሿም እኔ፣ ምስክሯም እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ችሎት ፍርድ አይሰጥም።

የተማርሁት ዘግይቼ ነው። አባቴ ጎንደር ካሉት አድባራት በአንዱ ቅኔ ያስተምር ነበር። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋር የተያያዘ ስለነበር የተማሪዎቹ ድምፅ ከጧት እስከ ማታ አይለየንም። እናቴ በሽተኛ ስለነበረች የቤቱ ሥራ በኔ ላይ ወደቀ፤ ፊደል የለየሁትም ለተማሪዎቹ ውሃ ሳቀርብ በትከሻቸው ላይ እያየሁ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት ልጆች የወተት ጥርሳቸውን ገና እየነቀሉ ነበር። ሙያ ኮሌጅ ገብቼ የሕክምና መሣሪያ ጥገና መማር ስጀምር ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ሞልቶኛል።

ከአባቴ ቤት ይዤው የወጣሁት አንድ ልማድ አለ። ከሌላ ደብር የመጣ ተማሪ «ምን ድረስ ዘልቀሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጥቂት ቃርሜያለሁ» ይላል። እንዲህ የሚለው ከትልቅ መምህር እግር ሥር አምስት ዓመት የከረመ ሰው ነው። «ዐውቃለሁ» ያለ እንደሆነ አባቴ ፈገግ ይልና ከሁሉም ኋላ ያስቀምጠዋል። የአንድን ሰው ዕውቀት የሚናገርለት ሌላ ሰው ነው፤ መምህሩ ወይም ባልንጀራው። ራሱ ከተናገረው ዋጋው ይረክሳል።

እናም ለመመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ሥራ ፍለጋ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ አልሁ፦ «ስለ ኤሌክትሮኒክስ መጠነኛ ግንዛቤ አለኝ። በጥገና ሥራ ጥቂት ተሳትፌያለሁ።» ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርሁ። ሦስት ቦታ አስገባሁ፤ ለፈተና ከተጠሩት ዝርዝር ውስጥ በሦስቱም ቦታ ስሜ የለም። ወረቀቱን ለኮሌጁ መምህራችን አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበና፦

«ይኸ ማመልከቻ ነው ወይስ ንስሐ?» አለኝ።

«ምኑ ላይ ተሳሳትሁ?»

«መሳሳትስ አልተሳሳትሽም። ግን ይኸን አንብቦ ማን ማሽኑን ያስነካሻል? ስሚ፣ አሠሪ ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ምን ተበላሽቶ አገኘሽ? ምን አደረግሽ? ከዚያ ምን ሆነ? ‹ታታሪ ነኝ፣ ሰዓት አከብራለሁ፣ ጫና ተቋቁሜ እሠራለሁ› የሚለውንማ ሁሉም ይጽፈዋል። አንብበሽ ስትጨርሺ አንድም ሰው አታስታውሽም።»

ምክሩ ገባኝ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለ። «ጠገንሁ» ብዬ እጽፍና እሰርዘዋለሁ፤ «በመጠገኑ ሥራ ረዳሁ» ብዬ እተካዋለሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እኔ ለራሴ ስቆርስ ፍርፋሪ ነው የሚወጣኝ።

ያኔ ቀሐ አካባቢ አንዲት ክፍል የተከራየሁት ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር ነበር። የቆላ ድባ ገበሬ ልጅ ናት፣ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ። ትምህርት ቤት የገባችው በሰባት ዓመቷ ነው፤ ይኸ ብቻ እንኳ ለመቅናት ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን በዚህ አላበቃም። እኔ ስለ አንድ ማሽን ሦስት ምዕራፍ አንብቤ ወርክሾፕ ስገባ እሷ ሳታነብ ትመጣና እጇን ክዳኑ ላይ ታሳርፋለች፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ ማለት ነው። «እዚህ ጋ ነው» ትላለች። እዚያ ጋ ይሆናል። ዛሬ በአንድ የጥገና ክፍል ስንሠራም ይኸን ልማዷን አልተወችም፤ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ መፍቻ። መምህራኑ ይወዷታል። ስትስቅ ሌላው ምን እንዳሳቃት ሳያውቅ ይስቃል። እኔን «እታለም» ትለኛለች፤ ቃሉን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ዘጠኙን ዓመት ያስቆጥረኛል።

ለተግባር ልምምድ ሁለታችንን ጠዳ ወደምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ላኩን። እዚያ ደምን እያሽከረከረ የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጅ የሚሉት፣ ከቆመ ወር አልፎት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መመሪያውን ዘርግቼ፣ ቴስተር ይዤ፣ ከሶኬቱ ጀምሬ እያንዳንዱን ሽቦ ተከታተልሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ኤሌክትሪኩ እስከ ሞተሩ እንደሚደርስና ሞተሩ ውስጥ እንደሚቋረጥ አረጋገጥሁ። መመሪያው ‹ካርቦኑ ይለወጥ› ይላል። ካርቦን ማለት እየተፋተገ ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚያቀብል ጣት የማታህል ጥቁር ቁራጭ ናት። የዕቃውን ቁጥር አይቼ የግዥ መጠየቂያ በጥሩ ጽሕፈት አዘጋጀሁ።

እሷ ጎን ያለውን ብሎን ፈታችና ካርቦኑን አወጣችው። አልቆ የጥፍር ያህል ቀርቷል።

«እታለም፣ ይኸ እኮ የግራይንደር ካርቦን ነው!»

«አይደለም። የዚህ ፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ቁጥር አለው።»

«ሞተር ሞተር ነው። ምን ቁጥር ቁጥር ትያለሽ?»

አስፋልቱን ተሻግራ፣ ግራይንደር የሚሉት ብረት መቁረጫ ወዳለበት ብየዳ ቤት ሄደች። በመስኮት ይሰማኛል።

«አያ፣ የተቃጠለ ግራይንደር አይጠፋዎትም?»

«ምነው ልጄ፣ ደኅናው እያለ የተቃጠለ?» አሉ ሽማግሌው በያጅ።

«ካርቦኑን ነው የምፈልገው። ደም ላዞርበት።»

«በስመ አብ! የምን ደም?»

ስትስቅ፣ እሳቸውም ሲስቁ ሰማሁ። ከአሮጌው ማሽን ካርቦኑን ነቅለው ሰጧት። የጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና በብርጭቆ ወረቀት ትሞርደው ጀመር፤ ትሞርዳለች፣ እፍ ትላለች፣ ካለቀው ጋር ታስተያያለች፣ እንደገና ትሞርዳለች። ማስመሪያ እንኳ አልያዘችም። ከተተችው፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ሶኬቱን ሰካች። ማሽኑ ዞረ።

የላቦራቶሪዋ ሠራተኛ እልል አለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልናገር። ዓይኔን ሰዓቴ ላይ ተክዬ እስኪቆም ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት። እንዲቆም እመኝ ነበር። አልቆመም። ማታ፣ ከእጄ በማይለየው ደብተሬ ላይ ሁሉንም በዝርዝር መዘገብሁት፤ የማሽኑን ዓይነት፣ ብልሽቱን፣ ጥገናውን። በመጨረሻም «ከመመሪያው ውጭ፣ በጊዜያዊነት» ብዬ ጨመርሁ። ይኸ የመጨረሻው ቃል እውነት ነው። ቀለሙን ግን ከሌላው ይልቅ ተጭኘዋለሁ።

ከተመረቅን በኋላ በከተማው ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ አንድ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ እንደሚፈልግ አስታወቀ። ቦታው አንድ ነው፣ እኛ ሁለት። በማመልከቻውና ከሱ ጋር በሚያያዘው የሥራ ልምድ መግለጫ ለይተው ጥቂት ሰው ብቻ ለፈተና እንደሚጠሩ ሰማን። እኔ ስለ ራሴ መጻፍ አልቻልሁም፤ እሷ ደግሞ ከነጭርሱ መጻፍ አትወድም። «ወረቀት ሳይ እጄ ይደርቃል» ትላለች። ያኔ ነው የአባቴ ቤት ልማድ ትዝ ያለኝ።

«አንች የኔን ጻፊ፣ እኔ ያንችን እጽፋለሁ» አልኋት።

«እውነትሽን ነው? አንች ከጻፍሽልኝማ ገባሁ በይኝ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ከሁለት አንዳችን ከገባን ሌላዋን ትስባለች። አይደል እታለም?»

በማግሥቱ ስለኔ የጻፈችውን ሰጠችኝ። ከደብተር የተገነጠለ ሁለት ገጽ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት፣ መስመሩን የለቀቀ። ግን በነገር የተሞላ ነበር። የትኛውን የኦክስጅን ማሽን እንደፈታሁ፣ የትኛው የደም ግፊት መለኪያ በስንት እንደሚያሳስት እንዴት እንደደረስሁበት፣ መምህሩ የተሳሳተውን ሥዕል እንዳረምሁት ሁሉ ጽፋለች። ስለ ጠዳም አልረሳችም፦ «ሴንትሪፉጁ ሲበላሽ ሁለት ቀን ሽቦ በሽቦ ተከታትላ ብልሽቱ ሞተሩ ውስጥ መሆኑን ያገኘች እሷ ናት። እሷ ባታገኘው እኔ ሞተሩን አልከፍተውም ነበር።» እውነት ነው፤ ሞተሩን የከፈተችው እኔ ካሳየኋት በኋላ ነው። ራሴ ግን ይኸን አስቤው አላውቅም ነበር። አንዳንዱን የተጋነነ ቃል ቀንሼ፣ በጥሩ ጽሕፈት ገልብጬ የራሴ አደረግሁት።

የሷን ስጽፍ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ደብተሬ ከጎኔ አለ። ጠዳ ላይ ስደርስ ብዕሬን አነሣሁ። ለሆስፒታል የሚጻፍ ወረቀት ላይ የግራይንደር ካርቦን ሞርዳ ከተተች ብዬ ልጻፍ? ምን ይሏታል? ሕገ ወጥ ነገር የምትሠራ ይሏታል። ለሷው ማሰብ ነው፣ ይቅርባት፣ አልሁ። መስመሯን ተውኋትና ሌላውን ቀጠልሁ። ሌላው ደግሞ ምን ነበር? «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያላት፣ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ ጫና ተቋቁማ መሥራት የምትችል።» እነዚያን መምህራችን የሳቀባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ደረደርኋቸው። አማርኛው ግን ያማረ ነበር፤ እንደዚያ ያማረ ነገር ከዚያ በፊት ጽፌ አላውቅም።

«አንብቢው» አልኋት።

«አንች ጽፈሽው ምን አነበዋለሁ?» አለችና ከላይ ከላይ አየት አድርጋ «እንዴት ሸጋ ጽሕፈት ነው!» ብላ ፈረመችበት።

ሳምንት ቆይቶ ስም ሲለጠፍ አብረን ሄድን። የኔ ስም አለ፤ የሷ የለም። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ዞራ አቀፈችኝና «አላልሁሽም? አንች ትገቢያለሽ አላልሁሽም?» አለች። ስንመለስ መንገድ ላይ «የቆላ ድባን ልጅ ማን ያውቃታል» ብላ ሳቀች። ሳቋ የወትሮው አልነበረም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ወረቀቴን እያገላበጡ ከሁሉ ነገር መርጠው የጠየቁኝ ስለ ጠዳው ማሽን ነው። ሽቦውን እንዴት እንደተከታተልሁ አስረዳሁ።

«ከዚያስ?» አለ አንዱ።

«ካርቦኑ ተለውጦ ሠራ።»

«ይኸ ዕቃ እዚህ አገር አይገኝም እኮ። ከየት አመጣችሁት?»

«በአካባቢው ከተገኘ የግራይንደር ካርቦን ተሞርዶ ነው።»

ሰውየው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው» አለ። እኔን ማለቱ ነበር። ‹የሞረደችው ጓደኛዬ ናት› የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ውሃ ጠጣሁና ዋጥሁት። ሕገ ወጥ ይሏታል ብዬ የተውሁት ነገር እንዲህ ሲመሰገን በጆሮዬ ሰማሁ፤ እዚያው ወንበር ላይ ቀናሁባት። የተመሰገነው የሷ እጅ፣ የሚቀጠረው የኔ ስም፤ ሆኖም የቀናሁት እኔ ነኝ።

ተቀጠርሁ። እሷ ፒያሳ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራይታ ስልክ፣ ሬዲዮና ምድጃ መጠገን ያዘች። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቅናቴ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። እኔ የሆስፒታል መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አልፋለሁ፤ ሱቋ በር ላይ ሰው ተደርድሮ ይስቃል። እኔ አንድ ማሽን ሲቸግረኝ ምልክቱን ብቻ ነግሬ፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር እጠይቃታለሁ። እጇን ከብየዳው ሳታነሣ ትመልስልኛለች። ሄጄ እንዳለችው አደርጋለሁ፤ ይሠራል፤ ያመሰግኑኛል። በነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ «ማመልከቻ አስገቢ» ብዬ አላስታወስኋትም።

ከዚያ ሆስፒታሉ ሁለተኛ ባለሙያ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ለሰባት የሥራ ቀን ይቆያል ይላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን አየሁት። በሁለተኛውም አየሁት። በየቀኑ ከፊቱ እያለፍሁ አልነገርኋትም፤ እሷ ከመጣች በወር ውስጥ ማን ምን እንደሚችል ሁሉ ይታያል። አምስተኛው ቀን ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እግሬ ወደ ሱቋ ወሰደኝ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ስልኩ እስኪሠራ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ማስታወቂያውን ነገርኋት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ተይኝ እታለም። የኔ ዕድል እንደሆነ ታውቋል።»

«የምን ዕድል?»

«አንች ያኔ የጻፍሽልኝን እኮ እያባዛሁ አራት ቦታ አስገብቻለሁ፤ ላንች አልነገርሁሽም እንጂ። አንድም የጠራኝ የለም። እንደዚያ ሸጋ ሆኖ ተጽፎ ካልጠሩኝ እንግዲህ ጥፋተኛዋ ሴትዮዋ ናት እንጂ ወረቀቱ ምን ያድርግ?»

አራት ቦታ። እኔ አንድ ጊዜ ያጎደልሁት መስሎኝ ነበር።

«ወረቀቱ ነው» አልኋት።

«ምኑ?»

«ወረቀቱ ባዶ ነው። ጠዳ ላይ የሠራሽውን አልጻፍሁትም። ሌላም የሠራሽውን አልጻፍሁም። ያማሩ ቃላት ብቻ ናቸው።»

የጋለውን መበየጃ ማስቀመጫው ላይ አኖረችው። «ረስተሽው ነዋ።»

መውጫ ሰጠችኝ። ብቻ ‹አዎ› ብል በቂ ነበር።

«አልረሳሁም። ደብተሩ አጠገቤ ነበር።»

«ምነው? ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም አላደረግሽኝም። ቀንቼብሽ ነው።» ስለ መመሪያው፣ ስለ ደንቡ ልናገር የምችለው ነበረኝ፤ ምናልባትም ግማሹ እውነት ነው። እሷ ፊት ግን የሚባል አልነበረም። ከዚያ ስለ ቃለ መጠይቁም ነገርኋት፤ ሰውየው ያለውንና እኔ ዝም ማለቴን ጭምር።

ስልኩን የሚጠብቀው ሰውዬ በርጩማው ላይ ተንቀሳቀሰ። «እህቶቼ፣ እኔ ልውጣ ወይስ ስልኬን...?»

«ይቀመጡ፣ አልቋል» አለችው። ስልኩን ገጥማ፣ አብርታ፣ ሰጠችው። «ድምፁን ይሞክሩት እስቲ» አለችው፤ አንገቷን እንኳ ሳታቀና። ከሄደ በኋላ ጠረጴዛዋን ጠረገች፤ ብሎኖቹን በየዕቃቸው ለየች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለች በመጨረሻ፣ «አነጋገሬ ይሆን፣ አገሬ ይሆን፣ መልኬ ይሆን እያልሁ ነበር። እናቴ ‹ምነው ልጄ፣ እነሱ ምን አዩብሽ?› ስትለኝ የምመልስላት አጥቼ አገር ቤት መሄድ ተውሁ። ይኸን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ እወቂው።»

«አሁን ልጻፍልሽ። ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ...»

«አትጽፊልኝም።»

የሚጠገኑ ዕቃዎችን ከምትመዘግብበት ደብተር መሐል አንድ ወረቀት ገነጠለችና ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። እኔ ቆሜያለሁ፤ ተቀመጭ አላለችኝም። ከላይ ሆኜ ይታየኛል፤ መስመሩ ይወጣል ይወርዳል፣ ቃሉ ይደጋገማል፣ እጄ ለማረም ይበላኛል። «ሞተሩን ፈታሁ። ካርቦኑን ሞረድሁ። ማሽኑ ሠራ።» አንዱንም አልሰረዘችም። እኔ ስለ ራሴ በሦስት ዓመት ያልደፈርሁትን ‹ሁ› ‹ሁ› እያለች ስትሄድበት እዚያው ቆሜ፣ ያን ሁሉ ከነገርኋት በኋላም፣ ቀናሁ።

«አትይብኝ» አለች ወረቀቱን በክንዷ ከልላ።

ፊቴን ወደ መንገዱ መለስሁ። ጥቂት ቆይታ ብዕሯን አነሣች።

«ያ የጠዳው ማሽን በደቂቃ ስንት ዙር ነበር የሚዞረው?»

«አራት ሺህ» አልኋት። ይኸን ደብተር ማየት አያሻኝም።

አልጻፈችውም። ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።